ድምፄን ማን ቀነሰው

ማርኬታ ካሴቱን ድምፅ መቆጣጠሪያው ድንኳን ውስጥ ካለው ቴፕ መንጭቃ ስታወጣ ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ቶሎ ብላ ኪሷ ከተተችው። ዞር ስትል የድምፅ ባለሙያው ኤስኮ ቋሊማ እያኘከ ቆሟል።

"ምን ጠፍቶብሽ ነው እዚህ?"

"ምንም። ጥላ ፍለጋ ነው።"

"እኔ ደግሞ ሚክሰሬን ልትነካኪብኝ መስሎኝ" ብሎ ሳቀ። ሳቁ አላማራትም።

ነገሩ የሆነው በአውሮፓውያኑ 1996 በጋ ነው። የሙዚቃ ፌስቲቫሉ የፊንላንድን ከተሞች እየዞረ ነበር፤ የማርኬታ ባንድ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሳይጠራበት የቀረበት በጋ የለም። ዘንድሮ ግን እሷ ደም ሥሯ እስኪገታተር ስትዘፍን ከሜዳው ማዶ የሚመለሰው ድምፅ የራሷ አልመስልሽ አላት። ኩዎፒዮ ከተማ ላይ አንድ ሰውዬ ታናሽ እህቷን ታሩን፣ ያቺን ከኋላ ቆማ የምትቀበለዋን፣ "አዘፋፈንሽ ልብ ይነካል" ሲላት ሰማች። ዮኤንሱ ላይ ደግሞ ታሩና ኤስኮ ከጭነት መኪናው ጀርባ ሲንሾካሾኩ ደረሰችባቸው፤ ሲያዩዋት ጭጭ አሉ። ከዚያ ወዲህ እህቷ ሻይ ስታቀብላት እንኳ ማርኬታ በጥርጣሬ ዓይን ዓይኗን ታያት ነበር።

የባንዱ መኪና ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋችና ካሴቱን ከፈተች። የትናንቱ ዝግጅት ነው። ዜማው ከፍ ሲል የእሷ ድምፅ እየሰመጠ ሄደ፤ የታሩ ከላይ ወጣ።

"ይኸው!" አለች ብቻዋን።

በሩ ተከፈተ። ታሩ ናት።

"ቦታዬን ከፈለግሽ ፊት ለፊት አትነግሪኝም? ድምፄን ማን ቀነሰው?"

ታሩ ካሴቱን ስትሰማ ፊቷ ገረጣ። "እኔ ነኝ ኤስኮን ቀንስ ያልኩት።"

"የእናቴ ልጅ!"

"ገልብጪው። በዚያኛው ፊት ኤስኮ እኔ እንድሰማው ብሎ ያንቺን ማይክ ብቻ ነው የቀዳው። ባትሰሚው ደስ ይለኝ ነበር።"

ማርኬታ ገለበጠችው። ከታች ሲሆን ድምፁ የዱሮው ነው። ከፍ ሲል ግን ተሰነጠቀ፤ ከዜማው ወረደ፤ መጨረሻው ላይ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ አለ። መልሳ ሰማችው። ያው ነው።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከፀደይ ወዲህ።"

"እና አትነግሪኝም?"

"አንቺን? አምና ከበሮ መቺው 'ትንሽ ዘገየሽ' ቢልሽ ሳምንት ሙሉ አኩርፈሽው የለም እንዴ!"

ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ጥርጣሬው ግን ገና አልለቀቃትም።

"ሰውየው ሲያደንቅሽ ግን ደስ ብሎሻል።"

ታሩ አንገቷን ደፋች። "ብሎኛል። ልዋሽሽ እንዴ?"

ማርኬታ ያን ጊዜ አመነቻት።

ከሰዓት በኋላ፣ ለድምፅ ሙከራ መድረክ ሲወጡ፣ ከሜዳው አጠገብ ያለው ሐይቅ ላይ ፀሐይዋ ታብለጨልጭ ነበር። ማርኬታ ማይኩን ይዛ ሜዳው መሃል ወደተቀመጠው ኤስኮ ተጣራች።

"ኤስኮ! የእኔን ድምፅ እንደነበረ መልሰው።"

ኤስኮ ታሩን አየ። ታሩ ጫማዋን አየች።

"የእሷንም እንዳትቀንስ" አለች ማርኬታ።

ከዚያ ወደ ጊታሪስቱ ዞረች። "የመጀመሪያውን ዘፈን ቅኝቱን ዝቅ አድርገህ ጀምርልኝ።"

"ምን ያህል ላውርደው?"

ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች።

"እኔ እስክደርስበት ድረስ።"