ያልተቆረጠው ወረቀት

ቀጮ መቀሱን ባይወስድባት ኖሮ ሚጡ እስከ ዛሬም እንደተታለለች ትኖር ነበር። ሰው ካርቶን ለመክፈት ብሎ የሰው መቀስ ይዞ ይጠፋል? ቀጮ ይጠፋል፤ ተውሶ መመለስ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ላብራቶሪ ውስጥ ጎን ለጎን የሚሠራው ይህ ረጅም ቀጭን ባልደረባዋ የበደላትም ውለታ የዋለላትም በዚያው ጠዋት ነው።

ሚጡ የምታጠናው በሴል ውስጥ መልእክት የሚያቀብል አንድ ፕሮቲን ነው። ሴሉ ከውጭ "እደግ" ወይም "ተው" ሲባል ይህ ፕሮቲን ቃሉን ተቀብሎ ወደ ውስጥ ያደርሳል። ታዲያ በዓይን አይታይም፤ የሚያሳየው አንቲቦዲ ነው። ደህና አንቲቦዲ ከዚያ ሁሉ የፕሮቲን ግርግር መሀል የራሱን ብቻ ፈልጎ ይይዛል፣ ሌላውን ዞር ብሎም አያይም። በሴሉ ጭማቂ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ሁሉ ጄል በሚሉት የረጋ ነገር ውስጥ እንደየመጠኑ ተለያይቶ ወደ አንድ ስስ ነጭ ነገር ይተላለፋል። ስሙ ሌላ ቢሆንም ሁሉም "ወረቀቱ" ነው የሚለው። ወረቀቱ አንቲቦዲው ባለበት ውሃ ይነከራል፤ አንቲቦዲው የያዘበት ቦታ ጥቁር መስመር ሆኖ ይወጣል።

ይህንን አንቲቦዲ ከጥንቸል ደም ያወጣችው ታላቅ እህቷ ናት። እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ከሚጡ ፎቅ በላይ፣ የራሷ ላብራቶሪ አላት፤ ዶክተር ተብላ ስሟ የተጠራውም በዚሁ አንቲቦዲ ነው። ለሚጡ ግን እታለም ናት። እናታቸው ስትሞት ሚጡ ገና ፊደል አልለየችም ነበር። ያጠበቻት፣ ያጎረሰቻት፣ እጇን ይዛ ትምህርት ቤት ያደረሰቻት እታለም ናት። ግንባሯ ላይ የሚወርደውን ፀጉር የምትከረክምላትም እሷው ነበረች። "ዓይንሽን ጨፍኚ" ትላታለች፤ ሚጡ ትጨፍናለች፤ መቀሱ ከቅንድቧ በላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። አንድም ቀን አልነካትም።

ሥራ የጀመረች ዕለትም እታለም ባለ ቀይ እጀታ መቀስ ሰጠቻት።

"ስሚኝ የኔ ልጅ፣ አንቲቦዲ ብርቅ ነው። ወረቀቱን እንዳለ አትንከሪው። የኛ ፕሮቲን የት ጋ እንደሚቀመጥ ታውቂያለሽ፤ ከላይም ከታችም ቆርጠሽ ያቺን ቁራጭ ብቻ ንከሪ።"

ቁጠባን ማን ይጠላል? ሌላም ቦታ እንዲህ የሚያደርግ ሞልቷል። ሚጡ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ቆረጠች። በየቁራጩ ላይ አንዲት ጥቁር መስመር ትወጣለች፤ በዚያች መስመር ላይ የዶክትሬት ጥናቷን ከመሠረት እስከ ጣሪያ ሠራች። ለገምጋሚዎች የምታቀርብበት ቀን ሲቃረብ አንድ የመጨረሻ ሙከራ ቀርቷት ነበር፤ መቀሱ የጠፋውም ያኔ ነው።

"ይሁና፣ አንድ ቀን ባባክን እታለም አታየኝ" አለችና ወረቀቱን እንዳለ ነከረችው።

ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ የሌላ ሰው ወረቀት መሰላት። ከላይ መስመር፣ ከታች መስመር፣ መሀል ላይ እንደ ሬንጅ የወፈረ ሌላ መስመር። የሷ መስመር ከሁሉም የደበዘዘችው ነበረች።

ቀጮ መቀሱን ሊመልስ መጥቶ (ለነገሩ የመጣው ቴፕ ሊዋስ ነው፤ መቀሱ እጁ ላይ ስለነበረ ብቻ ተመለሰ) በትከሻዋ በኩል አጮለቀ።

"ይሄ አንቲቦዲ ነው ወይስ የምርጫ ተወዳዳሪ? ያላቀፈው ሰው እኮ የለም!"

ሚጡ አልሳቀችም። ፕሮቲኑ ከሥሩ የተነቀለባቸውን ሴሎች ከሌላ ላብራቶሪ ለምና አስመጣች። እነዚህ ሴሎች ውስጥ ፕሮቲኑ የለም፤ ስለዚህ መስመሯም መኖር የለባትም። መስመሯ ግን እዚያው ቦታዋ ላይ ቁጭ ብላለች። ደገመችው፤ ያው ነው። ያ ሁሉ ድካም ለካ የእንቧይ ካብ ኖሯል። ቤት ውስጥ የሌለን ሰው "ድምፁን ሰማሁት" እያለች ነው የኖረችው።

እንዲያም ሆኖ እታለምን አልጠረጠረቻትም። ሞኝ! ይልቅ አዘነችላት። "እንዴት አድርጌ ልንገራት? በዚህ ዕድሜዋ ስሟ ሲጠፋ ማየት…" እያለች ምስሉን ይዛ ደረጃውን ወጣች።

እታለም ስልክ እያናገረች ነበርና በእጇ ጠብቂኝ አለቻት። ሚጡ ቆማ ስትጠብቅ ዓይኗ የተማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። ወረቀት እየነከሩ ነው። ሳህኑ ላይ የተጻፈው ያው የሷ ፕሮቲን ስም ነው። ወረቀቶቹ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሙሉ ናቸው። ዙሪያውን ቃኘች፤ በየጠረጴዛው ወረንጦው አለ፣ ፈሳሽ መምጠጫው ፒፔት አለ፣ መቀስ የለም።

"እታለም፣ የናንተ ወረቀት ለምንድን ነው የማይቆረጠው?"

እታለም ስልኩን ዘጋች። መጀመሪያ የእህቷን ፊት፣ ቀጥሎ በእጇ የያዘችውን ምስል አየች። በሩን ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

"ሌላ አንቲቦዲ ነው" አለች።

"አንቺ የሠራሽውስ?"

"የመጀመሪያው ጥንቸል ደም ድንቅ ነበር። ጥንቸሉ ሞተ። ከሌላ ባወጣ እንደ በፊቱ አልሆነልኝም።"

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

እታለም ምስሉን ከእጇ ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው።

"እታለም፣ መቼ?"

"አንቺ ከመጀመርሽ በፊት።"

"አውቀሽ ነው የሰጠሽኝ?"

"ማንም ባይሠራበት ሰው ምን ይላል? አንድ ሰው ሲሠራበት መታየት ነበረበት" አለች እታለም፣ ጣቶቿን እያፍተለተለች። "ለሌላ ተማሪ ብሰጠው ይጠይቀኛል። አንቺ ግን አትጠይቂኝም።"

"ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ" ሲባል ሚጡ ሁልጊዜ የሌላ ሰው ፈረስ ነበር የሚመስላት። ከውሸቱ ይበልጥ ያንገበገባት መመረጧ ነው። ሌሎቹ ለመጠርጠራቸው ደህናው አንቲቦዲ ተሰጣቸው፤ እሷ ለማመኗ ይህ ደረሳት። ልታለቅስ ፈለገች፤ እንባዋ ግን እንቢ አላት።

"ስሚኝ የኔ ልጅ" አለች እታለም፣ በዚያችው በጥንቷ ድምፅ። "ገምጋሚዎቹ ፊት ቁራጩን አቅርቢ። ትመረቂያለሽ፣ ከዚያ ሌላ ጥናት ትጀምሪያለሽ። ማን ያውቃል?"

"እኔ" አለችና ወጣች።

ቀኑ ደረሰ። ገምጋሚዎቹ ከፊት ተደርድረዋል፤ እታለምም የተጋበዘች ባለሙያ ሆና ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣለች። ሚጡ ቁራጯን አሳይታ ብታልፍ ኖሮ ጭብጨባው የሷ ነበር። ያልተቆረጠውን ወረቀት ግድግዳው ላይ አበራችው። ከጎኑ ፕሮቲኑ የተነቀለባቸውን ሴሎች አስቀመጠች።

"ጥናቴ የተሠራበት አንቲቦዲ ፕሮቲኔን አያውቀውም። ያቀረብኩት ውጤት ሁሉ አይያዝልኝ" አለች።

አዳራሹ ተንጫጫ። ሰብሳቢው፣ ጺማም ሽማግሌ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ወደ እታለም ዞሩ።

"ዶክተር፣ አንቲቦዲውን የሠሩት እርስዎ ነዎት። ምን ይላሉ?"

ሚጡ እህቷን አየቻት። አሁንም፣ ያ ሁሉ ከሆነ በኋላም፣ አንድ ቃል እየጠበቀች ነበር።

እታለም ከመቀመጫዋ ተነሳች። "ማንኛውም አንቲቦዲ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት መፈተሽ ያለበት በተጠቃሚው ነው። ተማሪዋ ሳትፈትሽ፣ ወረቀት እየቆረጠች መቀጠሏ በጣም ያሳዝናል።"

ተማሪዋ!

ሰብሳቢው ምስሉን በእርሳስ እየጠቆሙ "እውነት ነው፣ ለምን ነበር የምትቆርጪው?" ሲሉ ጠየቋት።

ሚጡ እጇን ወደ ጋውኗ ኪስ ሰደደች። ባለ ቀይ እጀታውን መቀስ አውጥታ ወደ ፊተኛው ረድፍ ሄደች፤ እታለም ፊት ካለው ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

"እውነትሽን ነው እታለም፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አለች። "ዓይንሽን ጨፍኚ ስትይኝ የጨፈንኩት እኔ ነኝ።"