የአዲሱ ብስክሌት ኳኳታ

ብስክሌቱ ሲመጣ ድምፅ አልነበረውም። ይህን ለሁሉም ደጋግሜ ተናግሬአለሁ፤ ማንም ግን ከቁም ነገር አልቈጠረውም። በቅበላ ሰሞን፣ አስመራ ያለው ወንድሜ ለልጄ ለሙላት የላከው፣ በጎንደርና በባሕር ዳር ዞሮ፣ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ነው ደብረ ማርቆስ የገባው። እውነተኛ የውድድር ብስክሌት ነው፤ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ የተቆለመመ፣ ከኋላው ማርሽ በማርሽ ላይ የተደራረበበት። ሙላት መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ሲነዳው የሚሰማው የጎማው ሽውታ ብቻ ነበር።

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ ግን ጀመረው። ቀጭ። ትንሽ ዝም ይልና እንደገና ቀጭ። ውሻ ከአጥር ሥር አጥንት ሲቆረጥም እንደሚሰማው ያለ ድምፅ ነው። ሙላትም «ስረግጠው ይንገራገጫል እማ፤ እግሬን ከታች የሚገፋኝ ነገር አለ» ይለኝ ጀመር።

ሌላ እናት «ሂድና አሠራው» ብላ ትተወው ይሆናል። እኔ እንዲህ ያለ ነገር መተው አልችልም። ባለቤቴ ታረቀ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። አንድ ቀን ራት ላይ «ከግራ የፊት ጎማ በኩል የሚጮኽ ነገር አለ፤ ስመለስ አሳየዋለሁ» አለኝ። ከዓባይ ቁልቁለት አልተመለሰም። ከዚያ ወዲህ የሚጮኽ ዕቃ ሁሉ አንድ ነገር ሊነግረኝ የሚታገል ዲዳ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ከማርቆስ እስከ ደምበጫ ውድድር ነበር። ከአንድ እስከ ሦስት የሚወጡት ለጠቅላይ ግዛቱ ቡድን ተመርጠው አዲስ አበባ ይሄዳሉ። ሙላት በፖስታ ቤት ጸሐፊ ሆኖም፣ ከዚያ በፊት ተማሪ ሳለም፣ በኪራይ አሮጌ ብስክሌት ሲለማመድ የኖረው ለዚህች ቀን ነው። መንገዱ ጠጠር ነው። አማኑኤልን አልፎ ወደ ተምጫ ድልድይ የሚወርደው ቁልቁለት ደግሞ በእግር ሲወርዱት እንኳ ጉልበት ያንቀጠቅጣል። እዚያ ላይ ሰንሰለቱ ቢበጠስስ? መሪው ቢነቀልስ? በሐሳቤ ልጄን ስንት ጊዜ ቀበርሁት!

«ይህ ድምፅ ምን እንደሆነ ሳላውቅ ቅዳሜ አትሄድም» አልሁት።

«ብታውቂውስ?»

«ካወቅሁትና ከተስተካከለ ትሄዳለህ።»

የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው፤ ጥሎኝ መሄድ ይችል ነበር። ግን የአባቱን ነገር እሱም አይረሳውም።

መጀመሪያ ከገበያው አጠገብ ብስክሌት የሚጠግኑት አቶ ባዘዘው ዘንድ ይዤው ሄድሁ።

«አዲስ ነገር ይጮኻል፣ ወይዘሮ የብርጓል» አሉኝ። «አዲስ ጫማስ አይጮኽም?»

«አዲስ ጫማ ሲለመድ ዝም ይላል። ይኼ ሲለመድ ነው የባሰበት።»

«እንግዲያ ፔዳሉ ነው።» ፈቱት፤ ግራሶ ቀብተው መለሱት። ቀጭ። «እንግዲያ ኮርቻው ነው።» ኮርቻውንም አጠበቁት። ቀጭ። በመጨረሻ ካቻቢቴያቸውን አስቀምጠው ሙላትን ከላይ እስከ ታች አዩት። «እንግዲያ ልጅሽ ነው። ጾም መሆኑን ነግረሽዋል? ይኼ ሁሉ ሥጋ ከየት መጣ?»

ሙላት እየሳቀ፣ እኔ እየተናደድሁ ወደ ቤት ተመለስን።

እስከ አሥረኛ ክፍል ስማር የሳይንስ አስተማሪያችን የነገሩን አንድ ነገር ዛሬም ከራሴ አልወጣም፤ ምክንያቱ ያልታወቀ ነገር ሲገጥማችሁ ሁሉን ባንድ ጊዜ አትነካኩ፣ አንዱን ለውጡና ሌላውን ተዉት፣ ይሉን ነበር። ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የምሰፋውን የተማሪዎች ዩኒፎርም ትቼ ብስክሌቱን ግቢ ውስጥ በኮርቻውና በመሪው ገልብጬ አቆምሁት። የታረቀ አባት፣ አብረውን የሚኖሩት አባባ ወልደ ሚካኤል፣ ደጅ ካለው መደብ ላይ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

«ምን ልታደርጊው ነው?» አሉኝ።

«ላዳምጠው ነው አባባ።»

«አድምጪው። ከሰው የተሻለ እውነት ይናገር ይሆናል።»

መጀመሪያ ሙላት ወደ ዳገቱ ወጥቶ ሳይረግጥ እንዲወርድ አደረግሁ። ሳይረግጥ ሲወርድ ቀጭታው የለም። ስለዚህ ጎማው አይደለም። አንድ ፍርሃት ቀለለኝ። ቀጥዬ ማርሹን እንዲቀያይር ነገርሁት። በሁሉም ላይ አለ፤ በትንሹ ማርሽ ላይ ግን ይብሳል። ለምን በትንሹ? መልሱን አላወቅሁም፤ ግን ጥያቄው ራሱ ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ደስታ ከፍርሃት ጋር አንድ ላይ እንደሚኖር አላውቅም ነበር።

ከዚያ የተገለበጠውን ብስክሌት ፔዳሉን በእጄ አዞርሁ። ቀጭታው ፔዳሉ በዞረ ቁጥር አይመጣም። አንዳንዴ ፔዳሉ ከላይ ሳለ ይመጣል፣ አንዳንዴ ታች ሳለ። ፔዳሉ ቢሆን ኖሮ እንደ ሰዓት ባንድ ቦታ ይመታ ነበር። ታዲያ ምን ነው ከፔዳሉ ዘግይቶ የሚዞረው?

«ሰንሰለቱ!» አልሁ ጮክ ብዬ።

ከስፌት ሳጥኔ ቀይ ክር አመጣሁና ከሰንሰለቱ አንድ አንጓ ላይ አሰርሁ። ሙላት አዞረ፤ እኔ ክሩን በዓይኔ ተከተልሁ። ክሩ ወደ ኋላ ሄደ፣ ትንሹን ማርሽ ዞረ፣ ቀጭ። ተመልሶ መጣ፣ እንደገና ማርሹ ዘንድ ደረሰ፣ ቀጭ። ሙላት አፉን ከፍቶ ቀረ።

«እማ፣ ክሩ ነው እንዴ የሚያስጮኸው?»

«ክሩ አይደለም። ከክሩ አጠገብ ያለ ነገር ነው።»

ሰንሰለቱን በጣቶቼ ያዝሁና አንጓ አንጓውን አጠፍሁት። አብዛኛው እንደ ማተብ ክር ይተጣጠፋል። ከቀዩ ክር ቀጥሎ ያሉት ጥቂቶቹ ግን እንቢ አሉ፤ እንደ በሽተኛ ጉልበት ደርቀዋል። በትንሹ ማርሽ ላይ ብዙ መታጠፍ ስላለባቸው ነው የሚብሰው። ሳይታጠፉ ሄደው ይጋጫሉ፣ ይዘላሉ፣ የሙላትን እግር ይገፋሉ። ጣቶቼ ተጣበቁ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋኋቸው። ጎጃም ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ሽታ አይስተውም።

«ሙላት፣ ሰንሰለቱን በምን ቀባኸው?»

«እኔ? አልነካሁትም። ከነግራሶው ነው የመጣው።»

«ግራሶው የታለ?»

ሁለታችንም ጎንበስ ብለን አየን። ያ ጥቁር ግራሶ የለም። በፈንታው ቢጫ፣ ከመንገዱ አቧራ ጋር የተላቆጠ ነገር አንጓዎቹን ሞልቷል።

«እኔ ነኝ» አሉ አባባ ከመደቡ ላይ፣ ዳዊታቸውን ሳይዘጉ።

«ምኑን ነው እርስዎ?»

«ያን ጥቁር ስብ የጠረግሁት ነዋ። ይኼ ልጅ ሰንሰለቱ በወለቀ ቁጥር በእጁ ይመልሰዋል። በዚያው እጁ ደግሞ ማዕድ ይቀርባል። ፈረንጅ የሚቀባው ስብ የምን እንደሆነ ማን ያውቃል? የአሳማ ቢሆንስ? ያውም በሁዳዴ!»

«አባባ፣ እጄን እኮ እታጠባለሁ!» አለ ሙላት።

«በምን?»

«በሳሙና።»

«ሳሙናውስ ከምን ይሠራል? እስቲ ንገረኝ።»

ሙላት እጆቹን ገልብጦ አየ። እኔ እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስሁ። «ታዲያ አባባ፣ በምን ቀቡት?»

«በጾም ዘይት! ንጹሕ የኑግ ዘይት። ዓርብ ዓርብ እጨምርለታለሁ። አንድ ጠብታ ስብ አልነካውም፤ እኔ አለሁበት።»

ልቆጣቸው አልቻልሁም። ልጃቸውን የቀበሩ ሰው ናቸው፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ በጾም ቀን ሳያውቅ እንዳይበድል ጎንበስ ብለው፣ በዚያ ወገባቸው፣ አንጓ አንጓውን በጨርቅ ጠርገዋል። ብስክሌቱ አጠገብ በርጩማ አስቀመጥሁና «ይምጡ እስቲ» አልኋቸው። «የኑግ ዘይት ጠርሙስ አፉ ላይ ምን እንደሚሆን ያውቃሉ?»

«ይደርቃል። ቡሹን ይዞ አልለቅም ይላል።»

«እዚህም የሆነው እሱ ነው።»

መጥተው ተቀመጡ። ያልታጠፈውን አንጓ በአውራ ጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት፤ አሸተቱት፤ ከደኅናው አንጓ ጋር አስተያዩት። «እውነትሽን ነው፣ ሙጫ ሆኗል። ግን ሁሉም ለምን አልደረቀም?»

እኔም ይህንኑ እያሰብሁ ነበር። ሙላት ነው የመለሰው፤ «አባባ፣ ሲቀቡት ብስክሌቱ የቆመው እዚያ ግድግዳው ሥር አይደለም? ዓርብ ዓርብ ለእጅዎ የሚቀርበው የሰንሰለት ክፍል አብዝቶ ጠጥቶ ይሆናል።»

«ይሆናል» አሉ፤ ነገሩ የሌላ ሰው ሥራ ይመስል በመገረም። ወዲያው ግን ፊታቸው ተለወጠ። «ታዲያ ያን ስብ ልትመልሱበት ነው?»

«አይደለም። በላምባ እናጥበዋለን፤ ከዚያ የስፌት መኪናዬን የምቀባበትን ዘይት እናደርግለታለን። እሱ ከመሬት የሚወጣ ነው፤ ከላምባ ጋር ወንድማማች ነው።»

ሁለቱን አምጥቼ አስሸተትኋቸው። ላምባውን አሸተቱ፣ ዘይቱን አሸተቱ፣ እንደገና ላምባውን አሸተቱ።

«ከመሬት ከሆነ ይሁን» አሉ። «መሬት ቅቤ የላትም።»

ሰንሰለቱን አውልቀን በሳህን ላምባ ውስጥ ነከርነው። ቢጫው ሙጫ እየለቀቀ ላምባውን አደፈረሰው። የደረቁትን አንጓዎች አንድ በአንድ እያጠፍሁ፣ ሙላት በጨርቅ እየጠረገ፣ አባባ በላባ ጫፍ ዘይት እያስነኩ ስንሠራ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ሙላት ሰንሰለቱን መልሶ ሲያዞረው እንደ ሐር ተፈተለከ። ጆሮዬን ከብረቱ ላይ ለጥፌ ሌላ ድምፅ ፈለግሁ። ከዚያኛው ሥር የተደበቀ ሌላ መኖር አለበት ብዬ ነበር። ብዙ አዳመጥሁ። የለም።

«አወቅሽው?» አለ ሙላት።

«አወቅሁት።»

«ስለዚህ ቅዳሜ?»

እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። ቁልቁለቱ አሁንም ቁልቁለት ነው፤ ጠጠሩም ጠጠር።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ አባባ፣ ወደ እኔ ሳያዩ።

«ሂድ» አልሁት። «ግን ተምጫ ድልድዩ ጋ ቆሜ እጠብቅሃለሁ።»

«ለምን?»

«ስትወድቅ የሚያነሳህ ይኖር ዘንድ።»

ቅዳሜ ማለዳ ከአባባ ጋር በደምበጫ አውቶቡስ ሄደን ከድልድዩ አፋፍ ወረድን። አዮዲንና የተቀደደ ነጠላ በዘንቢል ይዣለሁ። አባባ ዘንቢሉን አይተው ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ቁልቁለቱ ዞሩ። ብዙ ሳንቆይ ከላይ አቧራ ተነሣ። ሊወርዱ ነው። ማየቱ አቃተኝ፤ ዓይኔን ጨፈንሁ። መስማት ግን እችላለሁ፤ ልጄን በድምፁ አውቀዋለሁ ብዬ።

አንዱ ፍሬኑን እያንጫረረ አለፈ። ሌላው ሰንሰለቱ እየተንኳኳ አለፈ። ጠጠር ተፈናጠረና ቀሚሴን መታኝ። ከዚያ ጎማ ሲሽከረከር ብቻ ሰማሁ፣ ከዚያም ሌላ እየተንኳኳ የሚወርድ።

«የብርጓል! ዓይንሽን ግለጪ እንጂ!» አባባ ክንዴን ጨበጡኝ። «አለፈ እኮ!»

«ማን?»

«ማን ሊሆን! እጁን እንኳ አወዛወዘልሽ።»

«አልሰማሁትም አባባ።»

«ምኑ ይሰማል?»

ዞርሁ። ልጄ ድልድዩን ተሻግሮ በወዲያኛው ዳገት ከኮርቻው ተነሥቶ፣ ቆሞ እየረገጠ ይወጣል። ከፊቱ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አባባ ከፊቱ ያለው እየደከመ ነው ብለው በከዘራቸው ያሳዩኛል፤ እኔ ግን የማየው የሙላትን እግሮች ነበር፤ ምንም ሳያደናቅፋቸው ሲዞሩ፣ ሲዞሩ።