መግዛት ለመማር

«እሺ፣ ለምንድን ነው መሄድ የፈለግሽው?» አሉ ዲኗ፣ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ እያወረዱ።

ልጅቷ ልትመልስ አፏን ስትከፍት በዲኗ ቀኝ የተቀመጠውን ሰውዬ አየችው። አየችውና አወቀችው። ጸጉሩ ከፊት ትንሽ ሸሽቷል፣ ሆዱ ደግሞ ትንሽ ቀድሞታል እንጂ ያው ራሱ ነው፤ የማሽን አስመጪው ድርጅት ሥራ አስኪያጅ። የዘንድሮውን የውጭ አገር የቴክኖሎጂ ጉብኝት ወጪ የሚችለው እሱ መሆኑን ማንም አልነገራትም ነበር። ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው «በአጋር ድርጅቶች ድጋፍ» የሚል ብቻ ነው። እሱ ግን አላወቃትም። ምን ብሎ ያውቃታል? ያን ቀን መች ቀና ብሎ አያት።

የንግድ ሥራ አመራር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ናት። በአባቷ የእንጨት ሥራ ቤት «ሚስማር» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ነው የሚሉ አሉ፤ የለም፣ አንዴ ከያዘች ስለማትለቅ ነው የሚሉም አሉ። ኮሪደሩ ላይ ተራ ስትጠብቅ ከእሷ በፊት የገባው ክራባት ያሰረ የክፍሏ ልጅ መልሱን ጮክ ብሎ ሲለማመድ ሰምታዋለች። ከልጅነቱ ጀምሮ ስለ ሮቦት ሲያልም ነው አሉ ያደገው። ከልጅነቱ ጀምሮ! በልጅነቱ ያለመው እንደ ማንኛችንም ብስኩት ነው። ግን በር የሚከፍተው እንዲህ ዓይነቱ አነጋገር ነው፤ ይሄን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። እሷም ብትሆን «ፈጠራ»፣ «ዲጂታል ዘመን»፣ «ራዕይ» የሚሉ ቃላት የታጨቁበት መልስ አዘጋጅታ ነው የመጣችው። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበሩ። ሰውዬውን ስታይ ዋጠቻቸው።

«መግዛት ለመማር ነው» አለች።

«ምን ለመማር?» ዲኗ ቀና አሉ።

«መግዛት። እዚህ ሦስት ዓመት ሙሉ የተማርነው መሸጥ ነው። ገበያ ማጥናት፣ ደንበኛ መሳብ፣ ዋጋ መተመን። እኛ ግን ማሽን አንሠራም፣ እንገዛለን። ሻጩ የሚነግረንን እየሰማን፣ እያመሰገንን እንፈርማለን። ምን ተብሎ እንደሚጠየቅ ያስተማረን የለም። ስለዚህ የሚሠሩበት ድረስ ሄጄ፣ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ልጠይቃቸው እፈልጋለሁ።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግ አለ። ድፍረት ደስ ይለዋል፤ እሱን እስካልነካው ድረስ ማለት ነው። «ጥሩ ነው» አለ። «እስቲ ምሳሌ ስጪን።»

መቼስ በገዛ አፉ ነው የጠየቀው።

«አባቴ አናጢ ነው» አለች። «ከአራት ዓመት በፊት በኮምፒውተር የሚሠራ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ገዛ። ከእርስዎ ድርጅት።»

ፈገግታው ከፊቱ አልጠፋም፤ ግን ደረቀ።

ያኔ ልጅቷ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበረች። አባቷ ማሽኑን የገዙት ከሚኖሩበት ቤት አንዱን ክፍል አከራይተው ነው። የመጀመሪያዎቹ በሮች ሲያምሩ ሰፈሩ ሁሉ ሊያይ መጣ። ከዚያ ማሽኑ ያብድ ጀመር። በሩ መሃል ላይ መቅረጽ ያለበትን አበባ ከጠርዝ ይጀምረዋል፤ አበባው ግማሹ እንጨቱ ላይ፣ ግማሹ አየር ላይ ይቀራል። ደወሉ፣ የሚያነሳ የለም። መጨረሻ ላይ አባቷ የተበላሸውን ጣውላ ተሸክመው፣ እሷን አስከትለው የሰውዬው ቢሮ ሄዱ። ጸሐፊዋ ጣውላው ግድግዳውን እንዳይጭረው ተቆጣች። ሥራ አስኪያጁ ከተቀመጠበት አልተነሳም፤ ተቀመጡም አላላቸውም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንበር ሲሠሩ የኖሩ ሰው በር ላይ ቆመው፣ ጣውላ ተሸክመው አስረዱት። እሱ ስልኩን እየነካካ ሰማቸውና «ይሄ ማሽን እኮ የተሠራው ለተማረ ሰው ነው» አለ። በቃ፤ ይህቺን ብቻ። 

«ማሽኑ ምን ሆነ ነው የምትይው?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ነገረችው። አበባውን፣ ጠርዙን፣ የተበላሸውን ጣውላ ሁሉ። «አንዳንዴ ይሠራ ነበር፣ አንዳንዴ ያብድ ነበር። አሁን ሸራ ለብሶ ቆሟል። ቀለም ቀቢያችን ምሳውን ይበላበታል፤ ለጠረጴዛነት እንኳ አይሆንም፣ ይወዛወዛል።»

ዲኗ ሳቅ አመለጣቸው። ሥራ አስኪያጁ አልሳቀም። ይልቅ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበ፣ ድንገት ነቃ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ለምሳ ሲወጣ ማሽኑን ምን ያደርገዋል?»

«ያጠፋዋል።»

«ስልክ ሲደወልለትስ?»

«ያጠፋዋላ! ውኃ ሊጠጣ ሲሄድም ያጠፋዋል። እኛ ቤት የሚሽከረከር ነገር አብርቶ ጀርባ መስጠት ክልክል ነው። አባቴን ሙያ ያስተማሩት ሰውዬ ጣታቸውን በመጋዝ ያጡት ዞር ባሉበት ቅጽበት ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሰው—»

«አየሽ!» ሰውዬው ጠረጴዛውን መታ። «መጋዝ አይደለማ! ይሄ ማሽን ከግድግዳው ማጥፊያ ሲጠፋ መነሻውን ይረሳል። መልሰሽ ስታበሪው፣ መነሻህ እዚህ ጋ ነው ብለሽ ካላሳየሽው ባገኘበት ይጀምራል። ማሽኑ ምንም አልሆነም። ስህተቱ የአባትሽ ነው።»

የልጅቷ ጆሮ ጋለ። የአባቷ እጅ ታያት። ማብሪያ ማጥፊያውን ሲነኩ ራሱ በቀስታ ነው፣ እንዳይደነግጥባቸው የሚፈሩ ይመስል። አዲሶቹን ሠራተኞች ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ያስተማሩት ይህንኑ ነበር፦ ዞር ስትል አጥፋ። ለሰው እጅ ብለው፣ ለጥንቃቄ ብለው በየቀኑ ሲያጠፉት፣ በየቀኑ ሲያሳብዱት ነበር ለካ።

«መነሻውን መልሶ ለማሳየት ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለች፤ ድምጿ እንዳይሰበር ቀስ ብላ።

«የምን ሰዓት! አንድ ደቂቃ።»

አንድ ደቂቃ። ማሽኑን ለዓመታት ሸራ ያለበሰው የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«እንግዲህ» አለ ሥራ አስኪያጁ፣ የእስክሪብቶውን ክዳን እየገጠመ፣ «ጥያቄሽ እዚሁ ተመለሰልሽ። ለዚህማ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። ቦታውን ሌላ ጥያቄ ላለው ተማሪ ብንሰጠው አይሻልም?»

እንዲህ አድርገው ነው ሰው የሚሸኙት። በትሕትና፣ ለራስህ ያሰቡልህ አስመስለው። ስንቱ ነው እንዲህ ሲሉት አመስግኖ ወጥቶ፣ መልሱ ደረጃ ሲወርድ የመጣለት! ልጅቷ ግን አልተነሳችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደላድላ ቁጭ አለች።

«ጥያቄዬ ተለወጠ እንጂ አልተመለሰም» አለች። «እርስዎ ይሄን ነገር ያወቁት መቼ ነው?»

«የቱን?»

«ማሽኑ ሲጠፋ መነሻውን እንደሚረሳ።»

«ድሮ የማውቀውን!»

«አባቴ ጣውላ ተሸክሞ ቢሮዎ የመጣ ቀንስ ያውቁ ነበር?»

ሰውዬው ዲኗን አየ። ከዚያ ልጅቷን አየ፤ ምናልባት አሁን ገና። «መመሪያው ላይ ተጽፏል እኮ» አለ በመጨረሻ።

«በየትኛው ቋንቋ?»

ዲኗ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞሩ። እሱ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ልወቅስዎ ብዬ አይደለም» አለች፤ ልትወቅሰውማ ነበር፣ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር አግኝታለች። «ማሽኑ የሚሠራበት ቦታ ለገዢ የሚያስረዳ ሰው መኖር አለበት። ሥራው እሱ ብቻ የሆነ። ማን ይቀጥረዋል፣ ደሞዙ ከየት ይመጣል፣ የተናደደ ደንበኛ ሲደውልለት ምን ብሎ ይጀምራል? አጠገቡ ተቀምጬ ማየት እፈልጋለሁ። ሮቦቱን ሌሎቹ ይዩልኝ። ስመለስ ያንን ሥራ እዚህ እከፍተዋለሁ። ሸራ ለብሶ የቆመ ማሽን የእኛ ብቻ አይመስለኝም።»

«አይደለም» አለ ሥራ አስኪያጁ። ቃሉ አምልጦት ነው። «ማለቴ... አንዳንድ ደንበኞች አሉ።»

«ስንት ይሆናሉ?» አሉ ዲኗ፤ ይህን ጊዜ የጠየቁት እሳቸው ናቸው። ሥራ አስኪያጁ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተ።

ወደ ቤት ስትመለስ አውቶቡሱ ውስጥ ቆማ ነበር። ቦታውን ብትከለከል እንኳ ያለችውን ብላለች፤ ይሄ ደረቷን ሞልቶታል። የበታች ሆኖ ያደገ ሰው እንዲህ ያለ ቀን ስንት ጊዜ ያገኛል? አባቷን ግን ምን ትላቸዋለች? ልትበቀልላቸው ሄዳ፣ የእሳቸውን ስህተት ይዛ ነው የተመለሰችው።

ሥራ ቤቱ ስትደርስ አባቷ አንድ የመስኮት ፍሬም እየላጉ ነው። ቀለም ቀቢው፣ ዘላለም እጁ ቡናማ የሆነው ሰው፣ ብሩሹን እንደያዘ ብድግ አለ።

«ሚስማር መጣች! እንዴት ሆነ? ገባሽ ወይስ ታጠፍሽ?»

«ይደውላሉ።»

«ይደውላሉ ማለት ታጠፍሽ ማለት ነው።»

«ተው አንተ!» አሉ አባቷ፣ መላጊያቸውን አስቀምጠው። «ምን አሉሽ ልጄ?»

«ለምን መሄድ ፈለግሽ አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«መግዛት ለመማር አልኳቸው።»

አባቷ ትንሽ አሰቡና ሳቁ፤ እንጨት የሚሰነጠቅ በሚመስለው በዚያ ደረቅ ሳቃቸው። «ጎሽ! እንዲህ ብለሽ ነው መንገር።»

ሥራ አስኪያጁ እዚያ እንደነበር አልነገረቻቸውም። ልትነግራቸው ስትል ስልኳ ጮኸ። ዲኗ ናቸው።

«አልፈሻል» አሉ ገና ሰላምታውን ሳይጨርሱ። «ሰውየው ለሌላ ይሰጥ ብሎ ተከራክሮ ነበር። ምክንያትህን ንገረኝ ስለው ምክንያት አጣ። ለገዢ ያስረዳል ካልሽው ሰው አጠገብ የምትውይበት ቀን እንዲኖር እኔ ራሴ እጽፍላቸዋለሁ። አደራ፣ ስትመለሺ ታዲያ እንዳታሳፍሪኝ።»

«አላሳፍርዎትም» አለች። ይሄን ስትል ድምጿ ውስጥ ጥርጥር አልነበረም።

ቀቢው ወሬውን ከፊቷ ላይ አንብቦት ብሩሹን ወረወረ። «ገባች! ጋሼ፣ ሚስማሯ ገባች! በይ እንግዲህ፣ እዚያ ስትደርሺ ንገሪልን። ይሄን ቆርቆሮ ማሽን ብላችሁ የሸጣችሁልን፣ ውሰዱልን በያቸው። ምሳ ስበላበት እንኳ ይወዛወዛል!»

አባቷ እጃቸውን ሽርጣቸው ላይ ጠርገው መጡና ትከሻዋን ያዙ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«ያን ቀን ያ ሰውዬ ቢሮ ውስጥ መመለስ የነበረብኝን መልስ» አሉ፣ «ይኸው እስከ ዛሬ ሳሰላስለው አለሁ። ሌሊት ሌሊት እመልስለታለሁ። አንቺ ትመልሽልኛለሽ። ማሽኑ ሲፈጠርም ብልሹ ነበር በያቸው። አባቴ አናጢ ነው እንጂ ደንቆሮ አይደለም በያቸው። በዚህ እጅ ያበላሸሁት እንጨት የለም!»

እጃቸውን ዘርግተው አሳዩዋት። ከዚያ ቢሮ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ቀና ብለው አይታቸው አታውቅም። እሺ ብላ መሄድ ትችላለች። ማን ያውቃል? በዚህ ኩራታቸው ሸኝተዋት፣ ስትመለስ ማሽኑን አስተካክላ፣ «አንድ ዕቃ ጎድሎት ነበር» ብትላቸው ያምኗታል። ደስ ይላቸዋልም። ያን ሰውዬ ግን በምን ትበልጠዋለች ታዲያ? እሱም እያወቀ ነው ዝም ያላቸው።

አሁኑኑ ብትናገር ደግሞ ቀቢው ቆሟል። ክፉ ሰው አይደለም። ነገር ግን ጆሮው የገባ ነገር ሳይመሽ ሰፈሩን ይዞራል፤ ያውም እያሳቀ። ነገ «ጋሼ ለካ ማሽኑን ራሳቸው ናቸው ያሳበዱት» እየተባለ፣ ቢሮ ውስጥ የቀመሷትን ውርደት እዚህ በገዛ ሥራ ቤታቸው ደጃፍ ይደግሟታል።

ቦርሳዋን ከፈተች።

«ለስላሳ ይምጣልን፤ ዛሬ ጋባዧ እኔ ነኝ» ብላ ብሩን ለቀቢው ሰጠችው።

«እንዲህ ነው እንጂ!» ብሎ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ሊገባ እግሩን አነሳ።

«ከዚህ አይደለም። አደባባዩ ጋ ካለው ሱቅ ግዛልን።»

«እንዴ! እዚህ አፍንጫችን ሥር እያለ? ያው ለስላሳ አይደለም እንዴ?»

«የዚያኛው ይቀዘቅዛል።»

«ጋሼ፣ ይቺ ልጅ ገና አውሮፕላኑን ሳትሳፈር መራቀቅ ጀመረች!» እያለ፣ እያጉረመረመ ወጣ።

መታጠፊያውን አልፎ ድምጹ እስኪጠፋ ጠበቀች። ከዚያ የበሩን አንዱን ክንፍ ገጠመችው፤ ሁለት በርጩማ አምጥታ ጎን ለጎን አስቀመጠች።

«አባዬ፣ እስቲ አንዴ ቁጭ በል» አለች፣ አጠገባቸው እየተቀመጠች። «የማሽኑን ነገር ዛሬ አወቅሁት። ግማሹ ጥፋት የእነሱ ነው። ግማሹ ግን የእኛ ነው።»