ዴልማር ፍሬቻ ያበራ ዕለት

ዴልማር ክቪትን በሰማንያ አንድ ዓመቱ የፓስተሩን የፖስታ ሳጥን ገጨ። ፓስተሩ ይቅር አለው። የመንጃ ፈቃድ ሰዎች ግን እንደ ፓስተሩ አይደሉም፤ እንደገና ተፈተን የሚል ደብዳቤ ላኩ።

ቢወድቅ ፒካፑ ይቆማል። ሚስቱ ቨርዳ ያለችው ደግሞ ሃያ ማይል ርቆ በሚገኝ መጦሪያ ነው። በየቀኑ ረፋድ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሄዶ ምሳዋን ያበላታል፤ ከሌላ ሰው እጅ አንድ ማንኪያ አትቀበልም። እኛ የዊስኮንሲን ገጠር ሰዎች አውቶቡስ የምናየው ትምህርት ቤት ሲከፈት ብቻ ነው።

መኪና መንዳት ስለማስተምር ወደ እኔ መጣ። መንዳቱንስ ይችላል። ችግሩ አደባባዩ ነበር።

ከከብት መኖ መደብሩ ፊት ለፊት ድሮ መስቀለኛ መንገድ ነበር። በአራቱም በኩል ቆመን «አንተ ቅደም»፣ «ኧረ አንቺ ቅደሚ» እያልን እጅ ስናውለበልብ ያረጀንበት ቦታ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ አፍርሶ ባለ ሁለት ረድፍ አደባባይ ሠራበት። ሕጉ ቀላል ነው፦ ወደ ግራ የሚሄድ የግራውን ረድፍ ይይዛል፣ ውስጥ ላለው ቅድሚያ ይሰጣል፣ ሲወጣ የቀኝ ፍሬቻ ያበራል። የከተማችን ሰው ግን ጨዋነቱን ይዞ ገባበትና መሀል ላይ እየቆመ ሌላውን ማስገባት ጀመረ።

በመጀመሪያው ትምህርት ዴልማር አደባባዩ ውስጥ ቀጥ አለ።

«አቶ ዴልማር፣ ምነው ቆሙ?»

«አርሊስ እየጠበቀች ነዋ! አታያትም?»

«መጠበቅማ አለባት። ቅድሚያው የእርስዎ ነው።»

«ቨርዳ ቀዶ ጥገና ያደረገች ጊዜ ሦስት ትሪ ድንች በቺዝ ጋግራ ያመጣችልኝን ሴት ጥያት ልለፍ? እንዲህ ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩህ?»

«ፍሬቻስ ለምን አያበሩም?»

«ለማን ብዬ? አርባ ዓመት ወተት ያመላለስኩበት መንገድ ነው። የት እንደምታጠፍ ላሞቹም ያውቃሉ።»

ሁለት ሳምንት ለፋን። እጆቹን ከመሪው ጋር በጫማ ማሰሪያ ላስራቸው ሁሉ አስቤ ነበር።

የፈተናው ቀን መኖ መደብሩ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁ። ፈታኟ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ፊቷ የማይፈታ ሴት ናት። ፒካፑ ብቅ ሲል የግራ ፍሬቻው ብልጭ ድርግም ይላል። ረድፉም የግራው ነው። ገባ።

በማዶ መግቢያ አርሊስ መኪናዋን አቁማለች። አየችውና እጇን እስከ ክርኗ በመስኮት አውጥታ አውለበለበችለት። የዴልማር ቀኝ እጅ ከመሪው ትንሽ ከፍ አለ። «በእግዚአብሔር!» አልኩ። እጁ ተመለሰ። አንገቱን እንደ ሐውልት አድርቆ አለፋት፤ ቀኝ ፍሬቻውን አብርቶ ወጣ። የአርሊስ እጅ አየር ላይ ቀረ።

ፈተናውን አለፈ። ፈታኟ ወረቀቱን ሰጥታው ስትሄድ እሱ ግን መሪውን እንደያዘ ቀርቷል።

«እንኳን ደስ ያለዎት!» አልኩት።

«አርሊስን ዘጋኋት» አለኝ።

«አልዘጓትም፤ አለፏት እንጂ።»

«ሂድ ወዲያ! ምን ልዩነት አለው?»

ከሰዓት በኋላ አርሊስ ለፓስተሩ ደወለች። ዴልማር ፍሬቻ አብርቷል፤ ሰላም አላለም፤ ፊቱ ገርጥቷል፤ አጠገቡ የማትታወቅ ፊቷ የጠቆረ ሴት ተቀምጣለች። ሁለቱ መከሩና ወሬው ለከተማው ደረሰ፦ ቨርዳ አርፋለች። ሰው ሌላ ምን ቢሆን ነው እንዲህ የሚያደርገው?

ሲመሽ ዴልማር ደጃፍ ላይ ሰባት ትሪ ድንች በቺዝ ተደርድሮ ነበር። ያመጡት ሰዎች ሐዘኑን ላለማወክ ደወል እንኳ ሳይነኩ ሄደዋል። አንዱ ላይ «ከክርስቶስ ጋር ናት» የሚል ካርድ ተለጥፏል።

በማግስቱ አንዱን ትሪ ይዞ መጦሪያው ደረሰ፤ እኔም አብሬው ነበርኩ። ልክ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ቨርዳ አንድ ማንኪያ ቀመሰች።

«የምንድን ነው?»

«የለቅሶሽ ነው።»

አላመጠች። አሰበች።

«የአርሊስ እጅ ነው» አለች። «ቺዙን ቆጥባለች። ለእኔ ለቅሶ!»

ከዚያ አፏን ለሁለተኛው ማንኪያ ከፈተች።