ጣሪያ ላይ ያረፈችው አውሮፕላን

አባቴ አንድ ነገር ከያዘ አይለቅም። ከታመመ ወዲህ የያዘው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጆች ሳለን እናየው ከነበረው የፈረንጅ አስቂኝ ተከታታይ ውስጥ፣ አውሮፕላን ጣሪያ ላይ የምታርፍበትን ክፍል። ጠዋት «አምጣልኝ» ይላል። ማታ «አላመጣኸውም?» ይላል። ምግብ ቀንሷል፣ መሳቅማ ጭራሽ ትቷል። አንዴ ሲስቅ ልስማው እንጂ ሌላ አልፈልግም ብዬ ፍለጋ ገባሁ።

የአምቦ ኔትወርክ ግን ሰው ያሳብዳል። አንዷን ክፍል ለማውረድ ዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር ፀሐይ ላይ እቆማለሁ፤ ልታልቅ ስትል ቀጥ ትላለች። እንደምንም ብዬ ተከታታዩን በሙሉ ሰበሰብኩት። ወፍራሙ አባወራ አለ፣ ምላሰኛዋ የቤት ሠራተኛ አለች፣ ማን እንደሚስቅ የማይታየው ሳቅም አለ። አውሮፕላን ግን የለም።

እኔም እኮ በደንብ አስታውሳታለሁ። አውሮፕላን መሥራት የጀመርኩት በእሷ ሰበብ ነው። ሥራዬ ማስተማር ቢሆንም፣ ከክፍል ስወጣ ሸምበቆ ሰንጥቄ፣ ስስ ወረቀት ለጥፌ ትንንሽ አውሮፕላኖች እሠራለሁ። እህቴ ሰሎሜ «የማግቢያ ዕድሜህን በሙጫ ጨረስከው» ትለኛለች። የመጨረሻዋን ከክረምት እስከ ክረምት ለፍቼባታለሁ፤ ሰሎሜ አቧራ ልታራግፍ ብትጠጋት እንኳ እጮኻለሁ። ይህ ሁሉ የመጣው ከሌለ ፊልም ነው? አንጀቴ አረረ። አባቴን «የለም አባዬ፣ ተሳስተህ ነው» ስለው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ያኔ ደግሞ በራሴ ተናደድኩ።

እሑድ ከሰዓት ጎረቤታችን ኦቦ ነጋሳ ሊጠይቁት መጡ። በልጅነቴ ቴሌቪዥን ያለው እኛ ቤት ብቻ ስለነበር፣ ከነልጆቻቸው መጥተው አብረውን ያዩ ነበር። ምሬቴን ዘረገፍኩላቸው። አዳምጠው ሲያበቁ ፈገግ አሉ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ረሳኸው እንዴ?» አሉኝ። «መሃል ላይ መብራት ይሄድ ነበር እኮ። እናንተ ስታለቅሱ የቀረውን የሚጨርሰው አባትህ ነው። ቁራጭ እንጨት ያነሳና አውሮፕላን ናት ይላል። ሁሉም በአውሮፕላን ነበር የሚያልቀው። እኛስ እንግሊዝኛ እናውቃለን? ያለንን አመንን።»

አባቴ አልጋው ላይ ሆኖ ይሰማል። እኔም ካወረድኳቸው ክፍሎች አንዷን በላፕቶፕ ከፈትኩለት። ሠራተኛዋ በር ልትከፍት ስትሄድ ባትሪው አለቀ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበር። የማውቀውን ስድብ ሁሉ በሆዴ አወረድኩት። ቀና ስል አባቴ ያየኛል፤ መብራት ሲሄድ እኛ እሱን እናይ እንደነበር። የቀረውን እየጠበቀ ነው።

በሩን ስትከፍት ፖሊስ ቆሟል ብዬ ጀመርኩ።

«እንዲህ አይደለም» አለ።

ፖሊሱን አባርሬ አማት አመጣሁ። ራሱን ነቀነቀ። አማቷን ወንዝ አሻገርኳት፤ አሁንም አልሆነም። ላብ በላብ ሆንኩ። ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ የምውል ሰው አንድ የረባ መጨረሻ አጣሁ።

«አውሮፕላኗስ?» አለ አባቴ።

መደርደሪያው ላይ ያለችውን አየሁ። በሩ ሥር የቆመችው ሰሎሜም አየቻት፣ ከዚያ እኔን። አንስቼ ሰጠሁት። በአፉ ሞተር እያስነሳ ብርድ ልብሱ ላይ አዞራት፣ ከፍ አደረጋት፣ ከዚያ ኦቦ ነጋሳ ጉልበታቸው ላይ ባስቀመጡት ባርኔጣ ላይ አሳረፋት። ክንፏ ቀጭ አለ። የዓመት ልፋቴ። ልጮኽ አፌን ከፈትኩ።

አባቴ የተሰበረውን ክንፍ አንስቶ አገላበጠው።

«አብራሪው እንግሊዝኛ አያውቅም ነበር» አለና ሳቀ።

እስኪያስለው ሳቀ። ኦቦ ነጋሳ ባርኔጣቸውን ይዘው ሳቁ፣ ሰሎሜ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እኔ እውነቴን ነው፣ አሁንም ተናድጄ ነበር። ሙጫ ላመጣ ተነሳሁ።

«ተወው፣ አትጠግናት» አለ አባቴ። «ነገም መብራት ይሄዳል።»