ከስክሪኑ ጠርዝ ኋላ

ባለቤቴ ከሦስተኛው ስክሪን ወጣና አራተኛው ላይ ሳይደርስ ቀረ።

ሐዋሳ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል እንግዳ መቀበያ፣ ስድስት ስክሪኖች ጎን ለጎን ሰቅዬ በኔትወርክ እያገናኘሁ ነበር። ሥራዬ ነው። ስድስቱ ተባብረው አንድ የሐይቅ ዳር ፊልም ያሳያሉ፤ እያንዳንዱ የሚይዘው የራሱን ቁራጭ ብቻ ነው፣ ስለ ጎረቤቱ አያውቅም። ፊልሙን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ካሜራውን መቆሚያ ላይ አድርጌ። ልዑልሰገድ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል። በዓመቱ ሞተ። ሲራመድ የማየው በዚህ ፊልም ብቻ ነው።

በስክሪንና በስክሪን መካከል ጠርዝ አለ። ስፋቱን ለፕሮግራሙ ከነገሩት፣ እዚያ የሚያርፈውን ምስል ይደብቃል፤ ፍርግርግ ባለው መስኮት ውጭውን እንደማየት ነው። አላፊው ለአፍታ ይሰወርና ይወጣል። ልዑልሰገድ አልወጣም። ፊልሙ እንደገና ሲጀምርም ብቅ አላለም።

ገመዶቹን ፈተሽኩ፤ ደህና ናቸው። ጆሮዬን ጠርዙ ላይ ለጠፍኩ።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«ምነው ቆየህ?»

«ደከመኝ። ቦታው ጥሩ ነው፣ መቀመጫ የለውም እንጂ።»

ስፋቱን ጨመር አደረግሁለት። ሐይቁ ዳር የሚታየው አግዳሚ ወንበር ከምስሉ ጠፍቶ እሱ ዘንድ ገባ። በማግስቱ ጥላ ይሁነው ብዬ ሾላውን ሰጠሁት። ቀጥሎ ጀልባውን፣ ከዚያም እንዲያጫውተው ከሐይቁ ወፎች አንድ አባ ኮዳ። አባ ኮዳ ጨዋታ እንደማይችል አውቃለሁ፤ ከምንም ይሻላል። ምሳዬንም እዚያው ጠርዙ ሥር መብላት ጀመርኩ። ቤት ብቻዬን ስበላ አይወርድልኝም።

ሥራ አስኪያጁ አቶ ዳንጊሶ ሐይቁ ከቀን ወደ ቀን ማነሱን አስተዋሉ። ነገ እንግዶች ስለሚገቡ ስፋቱን ዜሮ እንዳደርገው አዘዙኝ። ዜሮ ከሆነ ምንም አይደበቅም። ውስጡ ሰው አለ አልኳቸው።

«አልጋ ይዟል?»

«አልያዘም።»

«እንግዲያው ይውጣ።»

ሄጄ ነገርኩት። ቅር አላለውም።

«ነይና ተቀመጪ» አለኝ፤ «ወንበሩ ለሁለት ይበቃል።»

«ሥራዬን ልጨርስ» አልኩትና ዜሮ አደረግሁት።

ጀልባው ወጣ፤ ሾላውም፣ አባ ኮዳውም። ወንበሩ በሁለቱ ስክሪኖች መሃል ምንም ሳይጎድለው ገጠመ። እሱ የለም። ቆሜ አለቀስኩ። አቶ ዳንጊሶ አሁን አምሯል አሉ።

ፊልሙ እንደገና ሲጀምር ወንበሩ ላይ ጀርባዋን የሰጠች ሴት ተቀምጣለች። የለበሰችው የእኔን የሥራ ቱታ ነው። ምስሉም እንደ ድሮው አልቆመም፤ ካሜራውን ሰው በእጁ ይዞ እንደሚራመድ፣ እየተወዛወዘ ወደ እሷ ይቀርባል። ሴትዮዋ ሳትዞር፣ ወንበሩ ለሁለት እንዲበቃ ጠጋ አለችለት።