ማንም የማይነካው የግድግዳ ሰዓት

ብዙነሽ በዓመት ውስጥ የምትፈራቸው ቀኖች ብዙ ናቸው። በረዶ ሊጥል ነው ሲባል ትፈራለች፤ አውሎ ነፋስ መጣ ሲባል ትፈራለች፤ ስልክ ያለ ወትሮው በጠዋት ሲጮህ ልቧ ይወርዳል። ከሁሉም የባሰባት ግን በሁዳዴ መሀል የምትመጣው ያቺ ቅዳሜ ናት። አሜሪካኖች ለእሑድ አጥቢያ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት የሚገፉባት ቅዳሜ።

«ሰው ተኝቶ ሳለ ከእንቅልፉ ላይ አንድ ሰዓት ይወስዱበታል» አለች ለጎረቤቷ ለፈትያ። «ጠዋት ምንም እንዳልሆነ ተነስቶ መኪናውን አስነስቶ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ነገር ጤና ነው? አንድ ሐኪም በሬዲዮ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ በነዚህ ቀኖች አደጋ ይበዛል አለ። እንቅልፍ የጎደለው ሰው እንደጠጣ ሰው ነው አለ።»

ሁለቱ ሴቶች ክላርክስተን በምትባል የአሜሪካ ከተማ ውስጥ በአንድ ደረጃ የሚወጡ፣ በር ለበር የሚተያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። በዚያ ሰሞን አንዷ ሁዳዴ ስትጾም ሌላዋ ረመዳን ላይ ነበረች።

«ብዙዬ፣ አንቺ ያልፈራሽውን ንገሪኝ እስቲ» አለች ፈትያ እየሳቀች። «እኔን ማፍጠሪያዬን የምትነግረኝ ፀሐይ ናት። ሰዓቱን እንደፈለጉ ያገላብጡት፤ እሷ አትሰማቸውም።»

«አንቺ ምን አለብሽ! ልጅሽ ሱቅ ውስጥ ቆማ ነው የምትውለው።»

የብዙነሽ ልጅ ገሊላ ደግሞ የምትውለው መንገድ ላይ ነው። ቀድሞ ሳንዲ ስፕሪንግስ ባለ ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ እየተንከባከበች ትሠራ ነበር። እናቷ ነርስ ልትሆንልኝ ነው ብላ ስትጠብቅ፣ ልጅቷ ሹልክ ብላ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ አውጥታ መጣች። ብዙነሽ አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ስለት ተሳለች። አልሆነም። ከዚያ ወዲህ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች «ገሊላ ምን ላይ ናት?» ሲሏት «ትራንስፖርት ላይ ናት» ትልና ወሬ ትቀይራለች። ቢሮ ውስጥ የተቀመጠች ይመስላቸዋል። እሷም አታርማቸውም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ትል ነበር በልቧ፤ አንድ ቀን ያ ክፉ ስልክ ሲደወል «እኔስ ብያት ነበር» እንደምትል እርግጠኛ ነበረች። መኪናውን እንኳ አንድ ቀን ሄዳ አላየችውም።

የዚያን ቅዳሜ ምሽት ገሊላ ደወለች።

«እማዬ፣ ፓርክ አድርጌያለሁ። ከሳቫና ወደ ሜከን በሚወስደው መንገድ ላይ ነኝ፤ የትራኮች ማረፊያ ውስጥ።»

«ዛሬ ትገቢያለሽ አላልሽም ነበር?»

«አናናሱን ሲጭኑልኝ ቀኑን ሙሉ አቆሙኝ። በሕግ የተፈቀደልኝ የመንጃ ሰዓት አለቀ። ነገ ጠዋት ማሪዬታ ካለው መጋዘን አደርሰዋለሁ። በልተሻል?»

«የኔን መብላት ተይው። በሩን ቆልፈሻል? ዙሪያሽ ማን አለ? ብርሃን ያለበት ቦታ ነው የቆምሽው?»

«ቆልፌያለሁ፤ ብርሃን አለ፤ ስትሬስ አታድርጊ። ይልቅ ስሚኝ። የግድግዳው ሰዓትሽ አሁን ስንት ይላል?»

ብዙነሽ ቀና አለች። ሳሎኗ ውስጥ ከሶፋው ትይዩ የተሰቀለ ክብ ሰዓት አላት። እዚህ አገር ከመጣች ጀምሮ በሐበሻ አቆጣጠር ነው የሞላችው፤ ስልኳ ስምንት ሲል እሱ ሁለት ይላል። እንግዳ ሲመጣ ግራ ይገባዋል፤ እሷ ግን ሐሳቧም ጸሎቷም በሱ ነው። ማንንም አታስነካውም።

«ሁለት» አለች።

«በጣም ጥሩ። ነገ ጠዋት እሱ አስራ ሁለት ሲል ቀስቅሺኝ። በስልክሽ እንዳይሆን፤ በግድግዳው ነው። እስከዚያ ድረስ ዓለም ቢገለበጥ አትደውይ። ስልኬን ካንቺ በቀር ማንም እንዳይገባ አድርጌ ዘግቸዋለሁ።»

እናት ልጇን በስልክ መቀስቀስ የሁለቱ የቆየ ልማድ ነው። ገሊላ የማንቂያ ደወል ሰምታ አታውቅም፤ የእናቷን ድምፅ ግን ከሰባት ተራራ ማዶ ትሰማለች። ብዙነሽም በዚያ ጥሪ ልጇ በሕይወት ማደሯን ታረጋግጣለች። እሺ ብላ ስልኩን ዘጋች፤ የሰዓቱን ባትሪ አውጥታ አዲስ ከተተችበት፤ ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ታየው ጀመር።

ዓይኗን ከጨፈነች በኋላ ነው ሁለቱን ነገር ያገናኘችው። ሰዓቱ ይቀየራል! የግድግዳው ደግሞ አይቀየርም። በሱ አስራ ሁለት ሲል የሰው ሁሉ ሰዓት አንድ ይሆናል ማለት ነው። ልጅቷ ረስታዋለች! አርፍዳ ልትነሳ ነው፤ አናናሱ ሊበሰብስ ነው፤ ከሥራ ልትባረር ነው፤ እንዳትባረር ብላ ደግሞ ስትከንፍ... ከዚህ በላይ ማሰብ አልቻለችም። ልደውል? «ዓለም ቢገለበጥ አትደውይ» ብላለች። እንዲህ ስትል እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ሊነጋጋ ሆነ።

ፈትያ የረመዳን የሌሊት ምግቧን፣ ሱሑር፣ ልትበላ ተነስታ ኖሮ መብራቷን አይታ በሩን ቆረቆረች። በእጇ በግማሽ የተበላ ተምር ይዛለች።

«ቅዳሴ አትሄጂም? ያቺ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛሽ ወለተሥላሴ መጥታ አትወስድሽም እንዴ?»

«ዛሬ ቀርቻለሁ። ልጄን መቀስቀስ አለብኝ።»

ይህን እያለች ስልኳ ጮኸ። ብዙነሽ ደረቷን ያዘች። ስልኩ ስድስት ይላል፤ በሐበሻ አስራ ሁለት መሆኑ ነው፤ የግድግዳው ግን ገና አስራ አንድ ላይ ነው። ደዋዩ አሸብር ነበር፤ ገሊላ የምትነዳለት የትራክ ድርጅት ባለቤት። የእናቷን ቁጥር ልጅቷ ሥራ ስትጀምር ለአደጋ ጊዜ ተጠሪ ብላ ሰጥታዋለች። የአደጋ ጊዜ!

«ልጄ ምን ሆነች?» አለች፣ ገና ሃሎ ሳይል።

«ኧረ ደህና ናት፣ እትዬ ብዙነሽ። በጠዋት ስለረበሽኩዎ ይቅርታ። ስልኳ አልገባ አለኝ። እስካሁን መነሳት ነበረባት። እስቲ እርስዎ ይደውሉላት፤ የርስዎን ታነሳለች።»

«ገና ነው ብላኛለች።»

«ምኑ ነው ገና? ሕጉ አስር ሰዓት ዕረፍት ነው፤ ሞልቶላታል። ማታ በሁለት ሰዓት ቆመች፤ አሁን አስራ ሁለት ነው። ይቁጠሩት! ጭነቱ አራት ሰዓት ላይ ማሪዬታ መድረስ አለበት። አዲስ ደንበኛ ነው፤ ካስቀየምኩት አይመለስልኝም። ለሷም ነው የምለው፤ እንዲህ ያለ ሹፌር ምን አደርገዋለሁ?»

የፈራችው መጣ። ብዙነሽ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችና ፈትያን አየቻት። መደወል ትችላለች። አንድ ጊዜ ጠርታ «ተነሽ ልጄ» ብትላት ነገሩ ያበቃል፤ እንጀራዋም አይቋረጥም። ጣቷ ወደ ልጇ ስም ሄደ።

ከዚያ ቀና ብላ ግድግዳውን አየች። ማታ ሁለት ላይ ነበር። ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች፤ ሦስት፣ አራት፣ አምስት... አስራ አንድ ላይ ስትደርስ ዘጠኝ ጣት ታጥፏል። አንደኛው ጣት ቆሞ ቀረ።

እንደገና ቆጠረች። ያው ነው። ጨርሶ አልረሳችም! ይቺ ልጅ ገና ማታ አስባበታለች። በስልክሽ እንዳይሆን ያለችው፣ ሰዓቱን ያስጠራቻት ለዚህ ነው። ሌሊት የማይዘል ሰዓት ቤት ውስጥ አንድ ብቻ መሆኑን ታውቃለች።

«አሸብር» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «አልሞላላትም።»

«እንዴት አይሞላም?»

«ዛሬ ሌሊት ሰዓት ተዘሏል። አንተ በጣትህ ከሁለት እስከ አስራ ሁለት ትቆጥራለህ፤ ልጄ ግን ያረፈችው ዘጠኝ ነው። ያቺ አንዷ የለችም፤ ማንም አልተኛባትም።»

አሸብር ሲቆጥር ይሰማል። «ውይ» አለ ቀስ ብሎ። «ለካ ዛሬ ነው። ትናንት ስመድብ በልቤ የሐበሻውን ሰዓት ይዤ ረስቼው... ቢሆንም እትዬ፣ አንድ ሰዓት እኮ ናት! መኪናው ውስጥ የዕረፍት ሰዓቷን የሚመዘግበው መሣሪያ እንዳይከስ እኔ ከቢሮ አስተካክለዋለሁ።»

«መሣሪያውንስ ታስተካክለዋለህ። ዓይኗንስ? ዓይኗን ከቢሮ ታስተካክልልኛለህ?»

ፈትያ ተምሩን አፏ ውስጥ እንደያዘች ማላመጥ አቆመች።

«እትዬ ብዙነሽ፣ እኔ እኮ ክፉ አስቤ አይደለም...»

«አውቃለሁ፤ ቸኩለህ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። አናናስ ቢፈስ ይለቀማል። አርባ ቶን ይዞ ያንቀላፋ ሰው ግን የሚለቀም ነገር አይተርፍለትም፤ እሷም አትተርፍም፤ ፊቷ ያለውም የሰው ልጅ አይተርፍም። አስራ ሁለት ሲል እቀሰቅሳታለሁ። በኔ አስራ ሁለት! ከፈለግህ አባራት።»

ስልኩን ዘጋች። ወዲያው ሶፋው ላይ ዘጭ አለች።

«አባራት አልኩት እንዴ? ፈትያ፣ አባራት አልኩት?»

«ብለሻል።»

«ወይኔ ጉዴ!»

«ማሻ አላህ ነው እንጂ ምን ወይኔ አለው! እኔ እኮ አንቺ አሳንሰር የምትፈሪ ሴት ነሽ ብዬ ነበር የማውቀው» አለችና ፈትያ የንጋት ሶላት ፈጅር ሳይደርስባት ውሃዋን ልትጠጣ እየሳቀች ሄደች።

የግድግዳው ሰዓት አስራ ሁለት ሲል ብዙነሽ ደወለች። ገሊላ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች፤ ድምፅዋ እንቅልፍ የጠገበ ነበር።

«ደህና አደርሽ እማዬ።»

«ልጄ፣ ጉድ ሠርቻለሁ። አሸብርን ተቆጥቸዋለሁ።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

ገሊላ ሳቀች። «ዓይኗን አልሽው? የምርሽን?»

«እንግዲህ አልኩት።»

«እማዬ፣ ዕቃውን ለሚረከቡት ሰዎች ማታውኑ ደውዬ ትንሽ አረፍዳለሁ ብያቸዋለሁ። እስከ አምስት ሰዓት እንጠብቅሻለን ብለውኛል። ለአሸብርም ቴክስት አድርጌለት ነበር፤ እሱ ቴክስት አንብቦ አያውቅም።»

«ታዲያ ለኔ ለምን በግልጽ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርሽ ሌሊቱን ሙሉ አትተኚማ።»

«እንዲያውም አልተኛሁም!»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቷ። «በይ አሁን ጎማዬን፣ ፍሬኔን፣ መብራቴን አይቼ ልነሳ።»

ብዙነሽ የሰማችውን በልቧ ደገመችው። ማታውኑ ደውላ። ጎማዬን፣ ፍሬኔን። እሷ በሌሊት ስታስባቸው የነበሩትን መዓቶች ሁሉ ልጅቷ ቀድማ አስባቸዋለች፤ ልዩነቱ፣ እሷ አስባ ትንቀጠቀጣለች፣ ልጅቷ አስባ መላ ታበጃለች። ይህን ማሰብ ከማን ወሰደችው? ብዙነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍርሃቷን ለልጅ እንደሚተላለፍ ውርስ ያለ ነገር አድርጋ አየችው። ተነስታም የፈትያን በር ቆረቆረች።

«ማሪዬታ ትወስጂኛለሽ? ግን መጀመሪያ ንገሪኝ፤ ተኝተሻል?»

«ሰግጄ ልተኛ ነበር፤ አንቺ መች አስተኛሽኝ!»

«እንግዲያው ተኚ። ጊዜ አለን። እንቅልፍ ያልጠገበ ሰው መኪና ውስጥ አልገባም።»

መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ ፀሐይ ከፍ ብላለች። ሁለቱ ሴቶች ከአጥሩ ውጭ መኪናቸውን አቁመው ጠበቁ። ብዙዎቹ የመጋዘኑ በሮች ላይ ትራኮች ተደርድረዋል፤ በሁለት ትራኮች መሀል አንድ ጠባብ ክፍተት ብቻ ቀርቷል። ትንሽ ቆይቶ ነጭ ረጅም መኪና በቀስታ ታጥፎ ገባ። ብዙነሽ ከፍታውን አይታ አማተበች። መስኮቱ ላይ ነጠላዋን አንገቷ ላይ የጠመጠመች ልጅ ታየች።

«እዚያ ውስጥ? ወደ ኋላ ነው የምታስገባው?» አለች ብዙነሽ። «አይገባም። ፈትያ፣ አይገባም ስልሽ!»

«ዝም ብለሽ እይ።»

ገሊላ መጀመሪያ ቆመች። ከመኪናዋ ወረደች፤ ወደ ኋላ ሄዳ ክፍተቱን አየች፤ መሬቱን አየች፤ ተመልሳ ወጣች። ከዚያ ያ ሁሉ ብረት እንደ ታዘዘ ልጅ ወደ ኋላ ይጎተት ጀመር። አንዴ ቆማ ወደፊት አወጣችው፤ አስተካከለችና እንደገና መለሰችው። ጥግ ላይ ሲጋራ የሚያጨሱ ሁለት ሹፌሮች ወሬያቸውን አቋርጠው ያዩ ጀመር። መኪናው በሩ ላይ ሲገጥም ድምፁ እንኳ ብዙ አልተሰማም። አንደኛው ሹፌር አውራ ጣቱን ቀሰረላት።

አሸብርም መጥቶ ኖሮ ከበሩ በኩል ወደ ሴቶቹ ተራመደ። ዓይኑን ሰበር አድርጎ እጅ ነሳ።

«እትዬ፣ ልጅዎ ግትር ናት።»

«ግትር ናት» አለች ብዙነሽ፣ ልጇን እንደመረቀላት ሁሉ። «ታባርራታለህ?»

«እኔ ልባረር እንጂ! ደንበኛው ማታውኑ ደውላ ያሳወቀችው ሹፌር ይቺ ናት ወይ አለኝ። ሁልጊዜ እሷን ላክልኝ ብሏል።» ጭንቅላቱን አከከ። «ያ የግድግዳ ሰዓት ግን የት ነው የሚሸጠው?»

መልስ ሳትሰጠው ስልኳ ጮኸ። ወለተሥላሴ ናት፤ ከቅዳሴ መውጣቷ ነው፤ ኋላዋ የሴቶች ድምፅ ይሰማል።

«ብዙነሽ! ቀረሽብን እኮ፤ ደህና አይደለሽም እንዴ? ሁላችንም አንቺን እያነሳን ነው።»

ብዙነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ደህና ነኝ። ማሪዬታ ነኝ፤ ልጄ ጭነት እያራገፈች ነው።»

«ጭነት? የምን ጭነት? ገሊላ ቢሮ አይደለችም እንዴ?»

«የለም፤ የከባድ መኪና ሹፌር ናት» አለች ብዙነሽ፣ ኋላ ያሉትም ሴቶች እንዲሰሙ ጮክ ብላ። «ትልቁን ነው የምትነዳው። ቆይ ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ።»

ከዚያ በአጥሩ በኩል ልጇን ስታያት ገሊላ ከመኪናው ልትወርድ እግሯን ዘርግታለች።

«ቀስ!» ብላ ጮኸች ብዙነሽ። «ደረጃው ያንሸራትታል፤ ያዢ እንጂ!»